ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ ስድስት ቀለም፦ ምስጢር የሚይዝ ደርብ ኬክ አሠራር

ከውጭ ሲታይ ተራ ነጭ ኬክ ነው። የመጀመሪያው ቁራሽ ወጣ ሲል ግን ስድስት ቀለም ተደራርቦ ብቅ ይላል። ይህን ኬክ የምወደው ለዚያች ቅጽበት ነው። መጋገር የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ሞክረው ያዘኑ ሰዎች አሉ። ሲቆረጥ ቀለሙ ደብዝዞ ይገኛል። ሰማያዊው አረንጓዴ ይመስላል፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ወይም ደግሞ ቀዩ ኬክ በነጩ ክሬም በኩል ወደ ውጭ ይታያል፤ ምስጢሩ ሳይቆረጥ ወጣ ማለት ነው። ያኔ ብዙዎች «ቀለም አነሰው» ብለው በሚቀጥለው እጥፍ ያደርጉበታል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ማነስ አይደለም። የደመቀ ኬክ የሚገኘው ከነጭ ሊጥ፣ ከረጋ ሙቀት፣ ከሚዛን እና ቡናማውን ጠርዝ ሳይሳሱ ቆርጦ ከማንሳት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በእነዚህ ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

ሥራውን ለሁለት ቀን ብትከፍሉት ይቀላል። በመጀመሪያው ቀን ጋግሩ፣ በሁለተኛው ደርድሩና ክሬም ቀቡ። ኬኩ በፍሪጅ ማደሩ ራሱ የሥራው አካል ነው፤ ለምን እንደሆነ ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልኩ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው ስድስት ቀጫጭን ደርቦች ነው።

ለኬኩ፦
- የፉርኖ ዱቄት 370 ግራም
- ኮርን ስታርች 50 ግራም
- ስኳር 420 ግራም (ደቃቅ ቢሆን ይመረጣል)
- ቤኪንግ ፓውደር 4 የሻይ ማንኪያ፣ ለጥ ብሎ የተለካ
- ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ
- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 240 ግራም
- የእንቁላል ነጭ 200 ግራም (ከ6 እስከ 7 እንቁላል)
- ወተት 340 ሚሊ ሊትር
- ቫኒላ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ቀለም የሌለው ከተገኘ እሰየው

ለክሬሙ፦
- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 500 ግራም
- እንደ ዱቄት የደቀቀ ስኳር 800 ግራም፣ የተነፋ
- ወተት 80 ሚሊ ሊትር ገደማ
- ቫኒላ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር

ከዚህ ሌላ የጄል የምግብ ቀለም፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ክብ መጋገሪያዎች፣ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ስድስት ጎድጓዳ ሳህን፣ ሚክሰር እና ዲጂታል ሚዛን አዘጋጁ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ሚዛኑን አደራ እላለሁ። በሲኒና በብርጭቆ እየለኩ ጥሩ ኬክ መጋገር ይቻላል። ስድስት እኩል ደርብ ግን በዓይን አይገኝም። መጋገሪያችሁ አንድ ብቻ ከሆነም አትስጉ፤ እየተፈራረቀ ይሠራል፣ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

አስኳሉ ለምን ወጣ?

አስኳል ቢጫ ነው። ሊጡን ቢጫ ካደረገው ደግሞ ሰማያዊ ስትጨምሩበት አረንጓዴ ይሆናል፤ ሮዝ ስትጨምሩበት ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ሥዕል የሚሥል ሰው ነጭ ሸራ እንደሚፈልገው ሁሉ እዚህም መነሻው ነጭ መሆን አለበት። ጥቁር ቡናማ ቫኒላም ሊጡን ያጠይመዋል፤ ለዚህ ነው ቀለም አልባው የተሻለ የሆነው። የተረፈውን አስኳል አትጣሉ። ካስታርድ ሥሩበት፣ ወይም በማግስቱ ቁርስ ላይ ከሙሉ እንቁላል ጋር ጥበሱት።

ቀለም ስትመርጡ ጄሉን ያዙ። ውሃ መሰሉ ቀለም ቀጭን ስለሆነ ደማቅ ለማድረግ ብዙ ይፈልጋል። ብዙ ሲገባ ደግሞ ሊጡን ያቀጥነዋል፣ ኬኩም ይተኛል። ጄል ግን የተከማቸ ነው፤ ለአንድ ደርብ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከተፈጥሮ ነገር የሚወጣ ቀለምን የሚመርጡ አሉ፤ ምርጫውን አከብራለሁ፤ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። የቀይ ሥር ጭማቂ ሊጡ ላይ ውብ ሮዝ ይሆንና ኦቭን ውስጥ ይቡንናል። የሐምራዊ ጥቅል ጎመን ጭማቂ እንደ ሊጡ አሲድነት ይለዋወጣል፤ ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። እርድ ከሁሉ የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ ቢጫውም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ካበዛችሁት ግን ጣዕሙ ይሰማል። ስድስት ጥርት ያሉ ቀለሞች የምትፈልጉ ከሆነ ምክሬ ጄል ነው።

አንደኛ፦ ሊጡን ማዘጋጀት

ቅቤውን፣ እንቁላሉን እና ወተቱን ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡ። ቅቤው በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ማለት አለበት፤ ማብረቅረቅና መቅለጥ ግን የለበትም። በዲግሪ ካያችሁት ከ18 እስከ 21 መካከል ነው። የቀለጠ ቅቤ አየር አይይዝም፣ የቀዘቀዘ ደግሞ ጓል ጓል ብሎ ይቀራል።

ኦቭኑን 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አሙቁ። አየር የሚነፍስ ኦቭን ከሆነ 155 ይበቃዋል። ይህ ከተለመደው የኬክ ሙቀት ዝቅ ያለ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው። ሙቀት ሲበዛ የኬኩ ጠርዝ ከመሃሉ በፊት ይበስልና ይቡንናል፤ መሃሉም እንደ ጉልላት ይነሳል። ለእኛ ሁለቱም ጉዳት ናቸው፤ ቡናማው ቀለሙን ይሸፍናል፣ ጉልላቱም ተቆርጦ ይጣላል።

የመጋገሪያዎቹን ጎን በስሱ ቅቤ ቀቡ፤ ከሥር ክብ ወረቀት አንጥፉ።

አሁን ሊጡ። ብዙዎቻችን የለመድነው ቅቤና ስኳር መጀመሪያ መምታት ነው። ለዚህ ኬክ ግን ተቃራኒውን መንገድ እመርጣለሁ። ዱቄቱን፣ ስታርቹን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን እና ጨውን አንድ ላይ ንፉ። ስኳሩን ጨምሩና በሚክሰር በዝግታ አንድ ደቂቃ አዋህዱ። ቅቤውን ቆራርጣችሁ ጣሉበት፤ ከወተቱ ሲሶውን አፍስሱ። ዱቄቱ እስኪርስ ድረስ በዝግታ፣ ከዚያ በመካከለኛ ፍጥነት ለአንድ ደቂቃ ተኩል ምቱ። የሳህኑን ጎንና ሥር ጥረጉ።

የእንቁላሉን ነጭ፣ የቀረውን ወተት እና ቫኒላውን በሌላ ሳህን በሹካ አዋህዱ። ይህን በሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ሰከንድ ያህል ምቱ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሊጡ ለስላሳ፣ ወፈር ያለና ነጣ ያለ ይሆናል።

ይህን መንገድ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ቅቤው ከሌላው ፈሳሽ በፊት ዱቄቱን ይለብሰዋል። ዱቄት በፈሳሽ ርሶ ሲመታ ግሉተን የሚባለው የፕሮቲን መረብ ይፈጠራል፤ መረቡ ሲጠነክር ኬክ እንደ ዳቦ ይጠጥራል። በቅቤ የተለበሰ ዱቄት ግን ይህን መረብ ቶሎ አይሠራም። እኛ ደግሞ ሊጡን ለስድስት ከፍለን፣ እያንዳንዱን ቀለም እየጨመርን እንደገና ልናማስለው ነው። ስለዚህ መማሰልን የሚታገሥ ሊጥ ያስፈልገናል።

ቤታችሁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከሆነ አየሩ ስስ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 3 የሻይ ማንኪያ አውርዱ። ስኳሩን በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ወተቱን በ2 ወይም በ3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ።

ሁለተኛ፦ መክፈልና ቀለም መጨመር

የሚክሰሩን ሳህን ሊጥ ከመግባቱ በፊት መዝኑትና ክብደቱን ጻፉ። ሊጡ ሲያልቅ ከነሳህኑ መዝናችሁ የሳህኑን ቀንሱ፣ ለስድስት አካፍሉ። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ወደ 275 ግራም ይመጣል። ሳህን ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉትና በማንኪያ ቅዱ። ልዩነቱ ከ5 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ይህቺን ልፋት የሚያውቃት ኬኩን የሚቆርጠው ሰው ነው፤ ስድስቱ መስመር በአንድ ውፍረት ሲወርድ ዓይን ያርፋል።

ቀለሙን ከስሱ ጀምራችሁ ወደ ደማቁ ሂዱ፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ጄሉን በስቴኪኒ ጫፍ ወይም በትንሽ ማንኪያ ንኩና ሊጡ ላይ አድርጉ። በስፓቱላ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አዋህዱ፤ ከ20 እስከ 25 ግልበጣ ይበቃዋል። የሳህኑን ሥር አትርሱ። ያልተዋሃደ ጄል እዚያ ይደበቅና ኬኩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ምን ያህል ይድመቅ? ሊጡ ላይ የምታዩት ቀለም በተጋገረው ኬክ መሃል ከሚታየው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሊጡን በሳህኑ እያያችሁ ከምትፈልጉት ግማሽ እርከን አድምቁት፣ ከዚያ ተዉት።

አንዳንድ ቀለሞች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀይ ሲበዛ የሚመር አለ። ጣዕም የለሽ ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ ብታገኙ ጥሩ፤ ካልሆነ በሮዝ ጀምራችሁ ቀዩን መጨረሻ ላይ ጨምሩበት፣ ትንሽ ይበቃችኋል። ሐምራዊን ከቀይና ከሰማያዊ ብትቀላቅሉት ጭቃ የመሰለ ነገር ይሆናል። ከሮዝና ከሰማያዊ ቀላቅሉት፤ ሮዙን አብልጡ። ብርቱካናማና አረንጓዴ ግን ከመሠረታዊዎቹ በቀላሉ ይወጣሉ፤ ለእነሱ ለብቻ ጄል መግዛት የግድ አይደለም።

ስድስት ቀለም በዛ የሚል ሰው አንድ ቀለም ይዞ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ መሄድ ይችላል። ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ሊል የቀረበ። ለዚህ ደማቁን ሳህን መጀመሪያ ቀልሙ፤ የሚቀጥለውን በሱ ግማሽ፣ ቀጣዩንም በዚያ ግማሽ። እውነቱን ለመናገር ለአዋቂዎች ድግስ እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው፤ ሲቆረጥ የሚሰጠው ስሜት ረጋ ያለ ነው።

ሦስተኛ፦ መጋገር

ሦስቱን ደርብ መጀመሪያ ጋግሩ። የተቀሩትን ሦስት ሳህኖች በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ቤኪንግ ፓውደር እንደረጠበ ከፊል ጋዙን ይለቃል፤ አብዛኛው ግን ሙቀት ይጠብቃል። ቅዝቃዜው ያንን ስለሚያዘገይ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው እምብዛም አያንስም።

ሊጡን መጋገሪያው ላይ አፍስሱና በስፓቱላ ጀርባ እስከ ጠርዝ አስተካክሉት። ቀጭን ስለሆነ ራሱ አይተኛም፤ እናንተ ማስተካከል አለባችሁ። መጋገሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ የታመቀ አየር ይወጣል።

በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ከ14ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ተመልከቱ። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ሲወጋ ንጹሕ ሆኖ ከወጣና በጣት ነካ ሲደረግ መልሶ ከተነሳ ደርሷል። ላዩ ወርቃማ እስኪሆን አትጠብቁ! ለሌላ ኬክ የመድረስ ምልክት የሆነው ወርቃማ ቀለም ለዚህ ኬክ ማለፉን ነው የሚያሳየው።

ለ10 ደቂቃ በመጋገሪያው ይቆይ። ከዚያ ሽቦ ላይ ገልብጡት፣ ወረቀቱን ላጡ። ለሁለተኛው ዙር መጋገሪያውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ትኩስ ብረት ላይ የፈሰሰ ሊጥ ጎኑ ወዲያው ይበስላል።

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዙ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። በኬኩ ውስጥ ያለው ቅቤ ይረጋል፣ ኬኩም ይጠነክራል። ሲቆረጥ ፍርፋሪው ያነሰ ይሆናል። ፍርፋሪ ደግሞ የዚህ ኬክ ዋነኛ ጠላት ነው፤ በነጭ ክሬም ላይ አንዲት ቀይ ፍርፋሪ ምስጢሩን ታወጣለች።

አራተኛ፦ ቡናማውን መቁረጥ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያሳዝነኛል። እስከዚህ የለፉበት ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ደርብ ጎኑ ላይ ስስ ቡናማ ቅርፊት አለው። ካልተነሳ እያንዳንዱ ቁራሽ ጫፉ ላይ ቡናማ መስመር ይኖረዋል። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ወይም ክብ ካርቶን መሃል ላይ አድርጉና ዙሪያውን በትንሽ ሹል ቢላዋ ቁረጡ። ቢላዋው ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ካዘነበለ ደርቦቹ ሲደረደሩ ጎኑ ይጎረብጣል።

ከዚያ ላዩንና ሥሩን እዩ። ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ በጣት አሸት ሲደረግ ይላጣል። ከሥር ያለውን በጥርስ ያለው ቢላዋ በስሱ ፋቁ። ከሥሩ የሚወጣው ቀለም ጥርት ያለ ነው፤ ገና አሁን ነው እውነተኛው ሰማያዊ የሚታየው። ጉብታ ካለ በረጅሙ ባለጥርስ ቢላዋ አስተካክሉት።

ቁርጥራጩን አትጣሉት። በየቀለሙ ለይታችሁ በብርጭቆ ከክሬም ጋር ብትደረድሩት ለልጆች ሌላ ድግስ ነው። ከኬኩ በፊት ማንም እንዳያየው ብቻ ተጠንቀቁ።

አምስተኛ፦ ክሬሙ

ለስላሳውን ቅቤ ብቻውን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ በፈጣን ምቱ። አየር ሲገባበት ቢጫው እየለቀቀ ይነጣል። የደቀቀውን ስኳር በሦስት ጊዜ ጨምሩ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ አለዚያ ወጥ ቤቱ በስኳር ብናኝ ይሞላል። ወተቱን፣ ቫኒላውን እና ጨውን ጨምራችሁ ሌላ 3 ደቂቃ ምቱ። ከወተቱ ትንሽ ያዙ፤ ክሬሙ ከጠጠረ ትጨምሩታላችሁ።

አሁንም ቢጫ ቢጫ የሚል ከሆነ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ በዓይን የማትሞላ ሐምራዊ ጄል አንስታችሁ ጨምሩ። ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ ያጠፋዋል። በጣም ትንሽ መሆን አለበት፤ ከበዛ ክሬሙ ግራጫ ይሆናል። ለጥንቃቄ መጀመሪያ በሁለት ማንኪያ ክሬም ላይ አዋህዱትና ከዚያ ወደ ትልቁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ በስፓቱላ በእጅ ለሁለት ደቂቃ የሳህኑን ጎን እየተጫናችሁ አማስሉት። ትልልቆቹ የአየር ቀዳዳዎች ይጠፋሉ፤ ሲቀባ ለስላሳ ይሆናል።

ስድስተኛ፦ መደርደርና መደበቅ

ክሬሙን ለሁለት ሳህን ክፈሉ። አንዱ ለመሃልና ለመጀመሪያው ልባስ ነው፤ ወደ 750 ግራም። ሌላው ለመጨረሻው ልባስ ነው፤ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ኬክ የነካ ስፓቱላ ወደ ሁለተኛው ሳህን እንዳይገባ።

የኬክ ማቆሚያው ላይ ትንሽ ክሬም ነጥብ አድርጉ፣ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ሐምራዊውን ከታች አስቀምጡ። በላዩ 95 ግራም ያህል ክሬም አድርጉና እስከ ጠርዝ እኩል ቀቡ። ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። እያንዳንዱን ስታስቀምጡ ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ ትክክል ከኬኩ ጎን እዩት። ያዘመመ ደርብ ካለ አሁን ነው የሚታረመው።

ኬኩ እንዲርስ ሽሮፕ የምትቀቡ ከሆነ በስሱ ይሁን። እኩል ስኳርና ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘውን በብሩሽ አንድ ጊዜ ማስነካት ብቻ። ብዙ ሽሮፕ ቀለሙን ይዞ ወደ ነጩ ክሬም ይሰርጋል፤ መስመሮቹም ይደፈርሳሉ።

ስድስቱ ሲያልቁ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ኬክ አላችሁ። የመጀመሪያውን ልባስ ቀቡ፤ ስስ ሆኖ ፍርፋሪውን የሚይዝ ነው። ቀለሙ በክሬሙ በኩል ቢታይ አትደንግጡ፤ ሥራው መሸፈን ሳይሆን ማሰር ነው። በደርቦች መካከል ያሉ ክፍተቶችን ሁሉ ድፈኑ። 30 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ፤ ሲነኩት እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን።

አሁን ንጹሑን ክሬም አምጡ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ጎን አውርዱ። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከስስ ነጭ ክሬም በስተኋላ እንደ ጥላ ይታያሉ፤ በተለይ በደማቅ መብራት ሥር። የክሬም ማለስለሻውን በሙቅ ውሃ ነክራችሁ አድርቁና ኬኩን እያዞራችሁ ጎኑን አለስልሱ። ከዚያ ከጠርዝ ወደ መሃል ላዩን።

ላዩን አታስጊጡት ማለት እወዳለሁ። ባለ ብዙ ቀለም ጌጥ ከላይ ከተደረገ ውስጡን ያሳብቃል። ነጭ በነጭ ይቆይ። ከተፈለገ የክሬም አበባ፣ ነጭ ሆኖ።

ሌላ ዓይነት ድንገቴ ለሚፈልጉ

ዳማ የመሰለውን አለ። ሊጡን ለስድስት ሳይሆን ለአራት ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 415 ግራም ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ቀለም፣ ሁለቱን በሌላ ጋግሩ፤ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ዙሪያውን ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ከቆረጣችሁ በኋላ ከእያንዳንዱ ደርብ 12 ሴንቲ ሜትርና 6 ሴንቲ ሜትር ክቦች አውጡ። እያንዳንዱ ቀለበት 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። የመሃሉን ቀለበት ከሌላው ቀለም ጋር ለዋውጡ፤ ውጪው ቀይ ከሆነ መሃሉ ነጭ፣ ውስጡ እንደገና ቀይ። የቀለበቶቹን ጎን ስስ ክሬም እየቀባችሁ ግጠሟቸው። ስትደረድሩ አንዱን ቀይ የሚጀምረውን፣ አንዱን ነጭ የሚጀምረውን አፈራርቁ። ሲቆረጥ የዳማ ሰሌዳ ይሆናል። ይህን ሥራ በቀዘቀዘ ኬክ ብቻ ሞክሩት፤ ለብ ያለ ቀለበት በእጅ ላይ ይሰበራል።

ከረሜላ የሚፈስበትም አለ። ከመሃል ደርቦቹ 6 ሴንቲ ሜትር ክብ አውጥታችሁ ጉድጓዱን በከረሜላ ሙሉ፤ የታችኛውና የላይኛው ደርብ ሙሉ ይሁኑ። ከረሜላው በዚያው ቀን ይግባ። ሲያድር እርጥበት ይስባል፣ ቀለሙም ይለቃል።

አቆራረጥና አቀማመጥ

ኬኩን ከመቁረጥ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ከፍሪጅ አውጡ። በቀዝቃዛነቱ ክሬሙ ጠጥሮ እንደ ቅቤ ይበላል፤ ኬኩም የደረቀ ይመስላል። አየሩ እርጥበት ካለው ላዩ ላይ ጠል ይቋጥር ይሆናል። አትጥረጉት፣ ራሱ ይደርቃል።

ረጅም ቢላዋ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ አድርቁ። ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ሥር አውርዱ፤ መጋዝ እንደሚስብ ሰው ወዲያ ወዲህ አትበሉ። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ቢላዋውን ጥረጉ፤ አለዚያ ቀዩ ወደ ሰማያዊው ይጎተታል። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለማውጣት ሁለት ቁርጥ ሳይሆን ሦስት ቁረጡ፤ ማለትም ሁለት ቁራሽ አዘጋጁና አንዱን አውጡ። ጎን ለጎን ያለው ቦታ ስለሚላላ ሳይፈርስ ይወጣል። ሰው ሁሉ በሚያይበት በኩል ቆማችሁ ቁረጡ፤ የተቆረጠው ፊት ወደ እንግዶቹ ይዙር።

የተረፈውን የተቆረጠው ፊት ላይ ፕላስቲክ ለጥፋችሁ በክዳን ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ማቆየት ይቻላል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት፤ የምግብ ቀለም በብርሃን ይለቃል፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀድመው። ክሬም ያልተቀባ ደርብ ደግሞ በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከነፕላስቲኩ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡትና ከአራተኛው ደረጃ ቀጥሉ።